ጉልበቱ በነፃ፣ ዕቃው በዋጋ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ የሰፈሩ ሰው አካፋና መጥረጊያ ይዞ ለጽዳት ሲወጣ ጉልበቱን የሚሰጠው በነፃ ነው። ከቦዩ የሚወጣው ሁሉ ግን ዋጋ ቢስ አይደለም። በቀድሞ የታሸገ ውሃ ስም «ሃይላንድ» የሚባለው ባዶ ፕላስቲክ፣ ካርቶኑና ቆርቆሮው ገዥ አላቸው። ቆራሌው በየደጃፉ እየጮኸ ይገዛል፤ ብረታ ብረቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል።

ችግሩ መደባለቁ ነው። የምግብ ትራፊና ጭቃ የነካው ካርቶን ገዥ ያጣል፤ ዕጣውም ቆሼ ነው። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ቆሻሻ የተሸከመው ቆሼ ደግሞ ከዚሁ ከኮልፌ ቀራንዮ ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሰንዳፋ ማስወገጃ በገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲዘጋ ጭነቱ ወደዚያው ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ለተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫም ቢሆን እርጥብ ቆሻሻ ጥሩ ማገዶ አይሆንም።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ከመጥረጊያው ጋር ሦስት ጆንያ ይዞ ቢወጣ ያዋጣል፤ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለካርቶንና ለብረት፣ ሦስተኛው ለሚበሰብሰው። የሚበሰብሰው ኮምፖስት ሆኖ የመንገድ ዳር ችግኝ ይመግባል። የቀሪው ሽያጭ ጓንትና አካፋ ይተካል፤ ዘመቻውም የአንድ ቀን ወሬ ሆኖ አይቀርም።

የባለሱቁ ድርሻ ቀላል ነው፤ ካርቶኑን በደረቁ አጣጥፎ ለብቻው ማስቀመጥ። ቦዩ ሲደፈን በመጀመሪያ ውሃ የሚገባው የእሱው ሱቅ ነውና።