«የቤት ውስጥ ጥቃት» ስለሚለው ስያሜ

«የቤት ውስጥ ጥቃት» የሚለው ስያሜ በጽሑፋችን ተለምዷል፤ «ቤት» የተባለው ምን እንደ ሆነ ግን ብዙ አልተመረመረም። በሐረር ጀጎል በርከት ያሉ ቤቶች በአንድ የውጭ በር እየተገባባቸው አንድ ግቢ ይጋራሉ። ባል ሚስቱን በግቢው መካከል ወይም በጠባቡ መተላለፊያ ቢመታ ድርጊቱ ከስያሜው ይወጣልን? አይወጣም። ስያሜው የሚያመለክተው ዝምድናን እንጂ ስፍራን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 ያነሣው የትዳር ጓደኛንና ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርን ሰው ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ እንዲህ ያለ የተለየ አንቀጽ አልነበረውም። የልጆች ጉዳይ በአንቀጽ 576 ስለሚታይ፣ ተርጓሚ ስያሜውንና አንቀጽ 564ን አንድ አድርጎ ባይወስድ መልካም ነው።

ከዚህ የሚከብደው የግሡ ጉዳይ ነው። በሐረሪኛ ወይም በኦሮምኛ «መታኝ» ያለች ሴት ቃሏ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተደባደቡ» ወይም «ተጣሉ» ተብሎ ከተጻፈ፣ የእርስ በርስ ድርጊት የሚያሳየው የግሥ ቅርጽ አድራጊውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ተበዳይዋም ባለድርሻ ሆና ትገኛለች። «ጠብ» ሽማግሌ ያስጠራል፤ «ገበና» በር ያዘጋል። «ጥቃት» ብቻ አጥቂውን ለይቶ ያሳያል።

ለተበዳይዋ መጠሪያ «ሰለባ» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ «ሰለበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ሴትዮዋን የአጥቂው ግዳይ ያደርጋታል፤ አንቀበለውም። «ተጎጂ» ለችሎት ይበቃል። በአፎቻ ለተሰበሰቡ ሴቶች ስለ መጠጊያና ስለ ድጋፍ በሚነገር ጽሑፍ ግን «ከጥቃት የተረፈች» የሚለውን እንመርጣለን። ሐረጉ ረዝሟል ተብሎ «ተራፊ» ቢባል፣ ሰሚው የማዕድ ትራፊን ማሰቡ አይቀርም።