የደኅንነት መዝገቡ ሲሞላ በሩ ለምን ይዘጋል?

መገናኛ አካባቢ ወዳለ የቢሮ ሕንፃ ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትገቡ ጥበቃው ስማችሁንና የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ይመዘግባል። ደብተሩ ቢያልቅበትስ? አንዱ ጥበቃ የድሮውን ገጽ አጥፍቶ በላዩ ይጽፋል። ሌላው «ሳልመዘግብ ማንንም አላስገባም» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ አዲስ ደብተር የሚያመጣውን ኃላፊ ብቻ ያሳልፋል። ዊንዶውስ እንደ አንደኛውም እንደ ሁለተኛውም መሆን ይችላል፤ የምንመርጥለት እኛ ነን።

የኮምፒውተሩ ደብተር ሴኪዩሪቲ ሎግ ይባላል፤ የሚነበበው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ነው። በትክክል የገባ ሰው 4624፣ ፓስዎርድ ተሳስቶ የተመለሰ ደግሞ 4625 በሚል ቁጥር ይመዘገባል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ 1102 ነው። መዝገቡን ጠርጎ ያጠፋ ሰው፣ ባዶው መዝገብ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ መስመር የእሱ የራሱ ስም ነው!

ካልነካነው በቀር የመዝገቡ መጠን 20 ሜጋባይት ነው፤ ሲሞላ አሮጌው እየጠፋ አዲሱ ይጻፋል። ብዙ ሰው በሚገባበት ሰርቨር ላይ ይህ በፍጥነት ያልቃል፤ ያለፈው ሳምንት የ4625 ሰልፍም አብሮ ይጠፋል። ጥብቁን ምርጫ ብንወስድ፣ ማለትም አሮጌው እንዳይጠፋና መመዝገብ ካልተቻለ ማሽኑ እንዲቆም ብናዝ፣ መዝገቡ በሞላ ቅጽበት ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ሲነሣም ከአድሚን በስተቀር ማንንም አያስገባም።

ያኔ ሎጉን ቶሎ አጥፍቶ ሥራ ለመቀጠል መጣደፍ ማስረጃን መጣል ነው። መጀመሪያ በአድሚን ገብታችሁ ሎጉን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያ አጽዱት፣ መጠኑንም ከፍ አድርጉት። በመጨረሻ ሬጂስትሪ ውስጥ «ክራሽ ኦን ኦዲት ፌል» የሚለው ዋጋ ራሱን ወደ 2 ስለቀየረ ወደ 1 መልሱትና ማሽኑን አስነሡት። ይህችን ከዘለላችሁ ሠራተኛው ዛሬም አይገባም፤ ሁሉም ፓስዎርዱን ሲጠራጠር ይውላል።

ስታነቡ ሰዓቱን ልብ በሉ። ሎጉ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2:14 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8:14 ነው፤ ጠዋት 2:14 መስሏችሁ ቀድሞ ቢሮ የገባውን ሰው እንዳትጠረጥሩ።

መዝገብ ምን እንደሚያደርግ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተሳሳተ ጊዜ ብዙ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። እያንዳንዱ ዝውውር ተመዝግቦ ስለነበር ባንኩ የወሰደውን ሰው ለይቶ ገንዘቡን ማስመለስ ቻለ፤ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶ አወጣ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። አንድ ዓመት ለቢሮ ሎግም ጥሩ መለኪያ ይመስለኛል።

ግን ኮተቤ ያለ የሒሳብ ቢሮም ሆነ እንጦጦ ላይ ያለው የሳተላይት ጣቢያ፣ አምስት ሰው በአንድ «አድሚን» ስም ከገባ መዝገቡ ምንም አይነግረውም፤ መስመሩ ሁሉ አድሚን ብቻ ይላል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አካውንት ክፈቱለት፤ የአድሚንን ፓስዎርድ ከሁለት ሰው በላይ አትስጡ፤ ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንትም በዚያው ቀን ይዘጋ።