የቢንቢ ንክሻና የቆዳ አለርጂ፦ እብጠት ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም

በሰሜን ምዕራብ ለንደን የምትገኘው ዌምብሊ በዓለም ዘንድ የምትታወቀው በስታዲየሟ ነው። ከስታዲየሙ በስተሰሜን ምሥራቅ ግን ነዋሪዎች ዌልሽ ሃርፕ የሚሉት የብሬንት የውኃ ማጠራቀሚያ ይገኛል። በሞቃቶቹ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወራት ቢንቢ በረጋ ውኃ ዳርቻዎችና ዝናብ ባቆረባቸው የጓሮ ባልዲዎች ውስጥ ይራባል። መስኮት ከፍቶ የተኛ ሰው ሌሊቱን ተነክሶ ክንዱ አብጦ ሊነቃ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ፣ እብጠቱ አለርጂ ነው ወይስ ኢንፌክሽን የሚል ነው። ሕክምናው የሚለያየውም በመልሱ ነው።

ሴቷ ቢንቢ ደም ስትመጥ፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች ያሉበትን ምራቅ ወደ ቆዳ ታስገባለች። የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ፕሮቲኖቹን እንደ ባዕድ ስለሚቆጥር ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቀቃል። ሂስታሚን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ፈሳሽም ወደ ቆዳ እንዲሰርግ ያደርጋል። ቦታው የሚያብጠው፣ የሚሞቀውና የሚያሳክከው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሪታንያዊው የነፍሳት ተመራማሪ ኬኔዝ ሜላንቢ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ምላሽ በደረጃ እንደሚለዋወጥ ገልጿል። መጀመሪያ ምንም ምልክት አይታይም፤ ንክሻው ሲደጋገም ዘግይቶ የሚመጣ እብጠት፣ ቀጥሎም ወዲያው የሚነሳ ሽፍታ ይከተላል። ለረጅም ጊዜ የተነከሰ ሰውነት ግን በመጨረሻ ይለምደዋል። ሕፃናትና ለአካባቢው ነፍሳት አዲስ የሆኑ ሰዎች ይበልጥ የሚያብጡትም ለዚህ ነው።

በአንዳንድ ሰዎች ላይ እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ሰፊ የክንድ ወይም የእግር ክፍል ሊሸፍን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ተመራማሪዎች ስኪተር ሲንድረም ብለው የሰየሙት ይህ ምላሽ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ይመስላል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በፍጥነት የሚከሰት የቆዳ ምላሽ ከኢንፌክሽን ይልቅ አለርጂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የኢንፌክሽን ምልክት የሌለው ንክሻም አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ቆይቶ ይመጣል፤ ከቀን ወደ ቀንም ይብሳል። ሕመሙ ማሳከኩን ይበልጣል፤ መግልና ትኩሳት ሊኖሩ ይችላሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ ቀለምን ብቻ መመልከት ያሳስታል። ሙቀቱን በእጅ ጀርባ መዳሰስ፣ የእብጠቱንም ዳር በብዕር ምልክት አድርጎ መስፋፋቱን መከታተል ይረዳል።

ለቀላል ንክሻ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግና አንቲሂስታሚን መውሰድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ማከክ ቆዳውን ስለሚያቆስል ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳም ሊተው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በእንግሊዝ ፋርማሲስቶች፣ ፋርማሲ ፈርስት በተሰኘው አገልግሎት፣ የተመረዘ የነፍሳት ንክሻን ያለ ሐኪም ቀጠሮ ማከም ይችላሉ።

ሊዘገይበት የማይገባው ከባዱ አለርጂ፣ አናፊላክሲስ ነው። ይህ ከቢንቢ ይልቅ በንብና በተርብ ንድፊያ ይበልጥ ይከሰታል። የከንፈር፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ከታየ ወዲያውኑ 999 መደወል ያስፈልጋል። የአድሬናሊን መርፌ የታዘዘለት ሰውም አምቡላንሱን ሳይጠብቅ መጠቀም አለበት።