ታንክ የሚያሳድደው ካሜራ ስንት ያወጣል?

በዩክሬን ጦርነት አንዲት ፈንጂ ተሸካሚ ድሮን 500 የአሜሪካን ዶላር ገደማ ታወጣለች። ርካሽ ነች፤ ችግሩ ከምትመታው የምትስተው መብዛቱ ነው። ወደ ታንኩ ስትጠጋ የጠላት ሞገድ ማወኪያ ከአብራሪዋ ጋር ያላትን ግንኙነት ይቆርጠዋል። ታንኩም ቆሞ አይጠብቃትም።

መላ የተባለው ምስል የሚለይ ካሜራ ነው። አብራሪው በስክሪኑ ላይ ታንኩን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ድሮኗ ላይ የተገጠመው ትንሽ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ምስል ካለፈው ጋር እያመሳከረ፣ ታንኩ በዞረበት እየዞረ ይከተለዋል። ግንኙነቱ ቢቋረጥም ድሮኗ መንገዷን አትስትም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1996 የታጠቀው ጃቬሊን ሚሳይል ይህንኑ በሙቀት ምስል ይሠራል፤ ያውም 64 በ64 ነጥብ ብቻ ባላት ምስል። የአንዱ ሚሳይል ዋጋ ግን ወደ 200,000 ዶላር ይጠጋል።

በዋሽንግተን የሚገኘው የስትራቴጂና ዓለም አቀፍ ጥናቶች ማዕከል በማርች 2025 ባወጣው ጥናት፣ በእጅ ሲበረሩ ከመቶ 10 እስከ 20 ብቻ ዒላማቸውን ይመቱ የነበሩት ድሮኖች በዚህ ዘዴ ከ70 እስከ 80 ደርሰዋል። ለአንድ ዒላማ ስምንት ዘጠኝ ድሮን መላኩ ቀርቶ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ኦተሪዮን የተባለው ኩባንያ በጁላይ 2025 በ50 ሚሊዮን ዶላር የፔንታጎን ውል 33,000 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለዩክሬን እንደሚያቀርብ አስታውቋል። ሲካፈል አንዱ 1,500 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ኮርቻው ከበቅሎዋ ተወደደ! ዘጠኝ ተራ ድሮኖች 4,500 ዶላር ይፈጃሉ፤ መሣሪያው የተገጠመላቸው ሁለት ድሮኖች ደግሞ 4,000። ቁጠባው 500 ዶላር ብቻ ነው። ትርፉ ጎልቶ የሚታየው አንዷ ስትበቃ ወይም መሣሪያው ሲረክስ ነው።

ተፎካካሪም አለበት። ቀጭን የመስታወት ክር ከኋላዋ እየተረተረች የምትበር ድሮን በሞገድ አትታወክም፤ ምስል የሚለይ ኮምፒውተርም አያስፈልጋትም። ክሩ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ይበጠሳልም።

ዕቃው ለአንድ ወገን ብቻ የሚሸጥ አይደለም። የዩክሬን ወታደራዊ መረጃ ክፍል በ2025 እንደገለጸው፣ ቪ2ዩ በተባለችው የሩሲያ ድሮን ውስጥ የኤንቪዲያ ኮምፒውተር ተገኝቷል። ያው ለሮቦትና ለፋብሪካ ካሜራ የሚሸጠው ዓይነት ነው።

ጭስና ጭጋግ ካሜራውን ያሳውሩታል። የባሰው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች በሶቪየት ዘመን የተሠራውን ቲ-72 ታንክ ማሰለፋቸው ነው። ካሜራው ታንክነቱን ይለያል፤ የማን ታንክ እንደሆነ ማወቁ ግን በአብዛኛው አሁንም የአብራሪው ሥራ ነው።