ልጅ የሚጠብቁ አያቶች፦ ድካማቸው ይከፈልበት ወይስ በምስጋና ይታለፍ?

ነቀምቴ፦ በወለጋ ቡና አብቃይ ወረዳዎች ከጥቅምት ጀምሮ የሚውለው የለቀማ ወራት ለገበሬው ቤተሰብ እጅ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ እናት ቅርጫቷን ይዛ በማለዳ ወደ ማሳ ስትወጣ ጡት ያልጣለውን ልጅ የምትረከበው በአብዛኛው አያት ናት። አያት በሌለችበት ወይም በደከመችበት ቤት ደግሞ ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ናት። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም፣ ለቀማው የሚጀመረው በጥቅምት በመሆኑ ልጅቷ ገና ደብተሯን ሳትሞላ ከክፍል ትቀራለች።

ስለሆነም አያቶች ለልጅ ጥበቃ ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው፣ ይሠልጥኑ ወይስ በልማዳቸው ይቀጥሉ የሚለው ጥያቄ የቤት ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቡናው ምርት በወቅቱ መሰብሰብ፣ የሕፃኑ ጤንነትና የልጅቷ ትምህርት ሦስቱም የሚያያዙት በዚሁ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የገበሬ ማኅበራትንና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን መሪዎች በቀጥታ የሚመለከተውም ለዚህ ነው።

ሕጉ እስከ ምን ይደርሳል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ታገኛለች። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። በነቀምቴም ሆነ በሻምቡ ቢሮ ተቀጥራ የምትሠራ እናት የሚያቅፋት ሕግ አለ። ገበሬዋ እናት ግን ቀጣሪ ስለሌላት ፈቃዱም ማቆያውም አይደርሳትም። የእርሷ የሕፃናት ማቆያ የእናቷ ወይም የአማቷ ጉልበት ነው።

አያቲቱም በበኩሏ ጡረታ የላትም። የአገሪቱ የጡረታ ሕግ በዋናነት የሚሸፍነው የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ስለሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ስታርምና ስትፈጭ የኖረች ገበሬ በእርጅናዋ የምትተማመነው በልጆቿ ነው። ልጆቿ ሲቸግራቸው እርሷም ይቸግራታል፤ ሆኖም የልጅ ጥበቃው ሥራ አይቀርላትም።

የልጆቹ ሁኔታም ቸል የሚባል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት ውስጥ 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ናቸው። የዚህ መቀንጨር ዋናው ጊዜ ከፅንስ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ ልጁ በብዛት በአያት እጅ የሚውለውም በዚሁ ዕድሜ ነው።

የተሞከረና የታየ

ነገሩ ለአገራችን ፍጹም አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ በአንዳንድ ቀበሌዎችና ማኅበራት መዋእለ ሕፃናት ተከፍተው ነበር። በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥም የአባላት ሥራ በነጥብ ይቆጠር ነበር። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ አብዛኞቹ አምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከላይ በሚመጣ ትእዛዝ ብቻ የቆመ አገልግሎት ትእዛዙ ሲቀር አብሮ የሚቀር መሆኑ ነው። እናቶቹ ራሳቸው የፈለጉትና ያዋጡበት ግን የመቆየት ዕድሉ የተሻለ ይሆናል።

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራምም እናቶች በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ሲሰማሩ ሕፃናት የሚጠበቁበት ቦታ እንዲዘጋጅና ጠባቂዋም እንደ ሠራተኛ እንድትቆጠር የሚያስችል አሠራር ተቀርጿል። ይህም ልጅ መጠበቅ በሥራ መዝገብ ሊገባ የሚችል መሆኑን ያሳያል።

ከውጭ አገሮችም የሚጠቀስ አለ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1975 በጀመረችው የሕፃናት ልማት አገልግሎት ከመንደሩ የተመረጠች ሴት ሠልጥና፣ መጠነኛ አበል እየተከፈላት ሕፃናትን ትመግባለች፣ ታጫውታለች። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ወላጆች ከሚያገኙት የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ የተወሰኑ ቀናትን ለአያቶች ማስተላለፍ ተፈቅዶላቸዋል። ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ አሮጊቶች ሠልጥነው በጭንቀት የተያዙ ሰዎችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያማክራሉ። እርጅና ለመማር እንቅፋት አለመሆኑን ለማስረዳት ይህ አንዱ በቂ ነው።

መቃወሚያዎቹ

ክፍያውን የማይደግፉ ወገኖች የሚያነሡት ቁም ነገር አለ። አያት የልጅ ልጇን የምታቅፈው ስለምትወደው ነው፤ ፍቅር ዋጋ ከወጣለት ዝምድና ወደ ንግድ ይለወጣል ይላሉ። ሁለተኛም የማኅበሩ ካዝና ለዘርና ለማዳበሪያ እንኳ አይበቃም የሚል አለ። ሦስተኛው ሥጋት፣ ገንዘብ ባለበት የኮሚቴ ዘመድ ቀድሞ ይመዘገባል የሚለው ነው።

እነዚህ ሥጋቶች እውነትነት ስላላቸው ሁሉንም አያት በአንድ መዝገብ ከማስገባት ይልቅ ጉዳዩን በሦስት መክፈል ይበጃል።

የመጀመሪያው፣ ወላጆቹ በሕይወት ያሉለትን የራሷን የልጅ ልጅ በቤቷ የምትጠብቅ አያት ናት። ለዚህች ደመወዝ መቁረጥ ለማኅበሩም አይቻልም፣ ለዝምድናውም አይበጅም። የሚገባት ሥልጠናና ዕረፍት ነው። ልጅ እየጠበቀች ውሃ እንድትቀዳ፣ እንጨት እንድትለቅምና ቡና እንድታሰጣ ማድረግ ግን ሕፃኑን ያለ ጠባቂ መተው መሆኑን አባወራው ሊረዳው ይገባል።

ሁለተኛዋ የጎረቤቶቿን ልጆች ጭምር የምትጠብቅ ናት። ይህ ግልጽ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው። በደቦ ማሳ የሚያርም ሰው ተራው ሲደርስ እንደሚታረምለት ሁሉ የሰው ልጅ ስትጠብቅ የዋለች አያትም የጉልበቷ ብድር ሊመለስላት ይገባል። ለምሳሌ 20 እናቶች 20 ሕፃናትን ለ4 አያቶች ቢሰጡና እያንዳንዷ እናት በቀን 1 ኪሎ እሸት ቡና ብታዋጣ ለእያንዳንዷ አያት በቀን 5 ኪሎ ይደርሳታል። ይህ የማኅበሩን ካዝና አይነካም። እናቲቱም ሕፃን አዝላ ከምትለቅመው ይበልጥ ስለምትለቅም ያዋጣችው መልሶ በእጇ ይገባል።

ሦስተኛዎቹ ወላጅ የሌላቸውን ወይም ወላጆቻቸው የራቁባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ አያቶች ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞንና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ነቀምቴና አካባቢዋ መጥተዋል፤ ከዚያ በኋላም በወለጋ ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል። ያረጀ ጉልበት ይዘው ልጅ እንደገና ከመጀመሪያው የሚያሳድጉ አያቶች ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ ይሻሉ። ማሳቸው በደቦ እንዲታረስ፣ ዓመታዊው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ በማኅበሩ ወይም በእድሩ እንዲከፈልላቸው ማድረግ የመሪዎች ድርሻ ነው።

ሥልጠናው ምን ይያዝ?

አያቶች ልጅ አሳድገው የጨረሱ ስለሆኑ ምን ይማራሉ የሚል ይኖራል። ትዕግሥቱን፣ ተረቱን፣ እንቆቅልሹንና እሹሩሩውን ከእነርሱ የሚያስበልጥ የለም። ይህም ለሕፃን አእምሮ ትልቅ ምግብ ስለሆነ ሊበረታታ ይገባል። ይሁንና ከድሮው ልማድ የሚጎዳም ስላለ የሚከተሉት ነጥቦች በሥልጠናው ሊካተቱ ይገባል።

አንደኛ፣ ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውሃ ማጠጣት ይጎዳል። ስለዚህ አያቲቱ ከማሳው አጠገብ ሆና እናት እየተመላለሰች የምታጠባበት ቦታ መመረጥ አለበት። ከ6 ወር በኋላ ቀጭን አጥሚት ብቻውን አይበቃም፤ ገንፎው ወፈር ብሎ እንቁላል፣ ወተት፣ የባቄላ ወይም የአተር ዱቄት ይጨመርበት።

ሁለተኛ፣ ተቅማጥ ሲይዘው እንዳይጠማ ማድረግ ነው እንጂ ውሃ መከልከል አይደለም። አንዱ ከረጢት ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። የዚንክ እንክብልም ከጤና ኬላ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በዴዴሳና በአንገር ቆላዎች የሕፃን ትኩሳት ወባ ሊሆን ስለሚችል በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ያስፈልጋል። ቀን የሚተኛ ሕፃንም ቢሆን ሲመሽ ከአጎበር ውጭ እንዳይሆን።

አራተኛ፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ደም በማፍሰስና በማመርቀዝ ሕፃናትን የሚገድል ልማድ ስለሆነ መቅረት አለበት። የክትባት ካርድም ከአያቲቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት በ15 ወር ስለሚሰጥ በ9 ወር ሁሉ አለቀ ብሎ መተው ስሕተት ነው።

አምስተኛ፣ የአረምና የተባይ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ሕፃን ያገኘውን ይጠጣል። ምድጃና ያልተከደነ ጉድጓድም እንዲሁ መከለል ይኖርባቸዋል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። የቅድመ መደበኛ መምህራንም ስለ ጨዋታ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ስለ ፀረ ተባይ ሊያስረዱ ይችላሉ። ትምህርቱ በጽሑፍ ሳይሆን በማሳየት፣ በሚሰሙት ቋንቋ በኦሮምኛ ቢሰጥ ይመረጣል። ጊዜውም ለቀማው ሳይጀመር በመስከረም ቢሆን መልካም ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቅ

የማኅበር መሪዎች በመጀመሪያ ከለቀማው በፊት የእናቶችን ስብሰባ ጠርተው ስንት ሕፃን፣ ስንት አያት እንዳለ ይመዝግቡ። በለቀማ ወራት ከትምህርት የሚቀሩ ልጃገረዶችን ዝርዝርም ከርእሰ መምህሩ ይውሰዱ፤ ሥራው መሳካቱ የሚለካው ይህ ዝርዝር በማጠሩ ነውና። ጠባቂ አያቶችን የሚመርጡት እናቶቹ እንጂ ኮሚቴው አይሁን። ልጁን የሚያምኑበትን ሰው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የዘመድ አድልዎም በዚህ ይቀንሳል። ዓይኗ የደከመ ወይም ራሷ የታመመች አያት በይሉኝታ አትመደብ። ለአንዲት አያትም ከ5 ሕፃናት በላይ አይሰጣት። የተዋጣውና የተከፈለው በየሁለት ሳምንቱ በስብሰባ ፊት ይነበብ።

ዘንድሮ አንድ ማኅበር በአንድ ጎጥ ብቻ ቢጀምር እንኳ በጥር ወር ሒሳቡን ማየት ይችላል። ምን ያህል እሸት ቡና በጊዜው እንደተለቀመ፣ ስንት ሕፃን እንደታመመና ስንት ልጃገረድ በክፍሏ እንደተገኘች በመዝገቡ ይታያል። አያቲቱም ለቀማው ሲያልቅ ምስጋናዋን ብቻ ሳይሆን የቡናዋን ድርሻ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች።