ከኮርቻው በታች

አባቶቻችን ፈረስን ምን ያህል ያከብሩት እንደ ነበር ለማወቅ የመሪዎቻቸውን የፈረስ ስም መስማት ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ፈረሶቻቸውን ሸልመው አደባባይ ሲወጡ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ፈረስ በጌታው ዘንድ ያለው ክብር የሚታወቀው በበዓል ቀን በሚለብሰው ጌጥ ሳይሆን፣ በማግስቱ ኮርቻው ሲወርድ ከሥሩ በሚታየው ጀርባ ነው።

ፈረስ ሕመሙን ችሎ የሚሠራ እንስሳ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በየማለዳው ሊመለከተው ይገባል። ጤነኛ ፈረስ ሰው ሲቀርበው ጆሮውን ያቆማል፤ መኖውን በደስታ ይበላል፤ ፋንድያውም እንደ ወትሮው ይሆናል። ዐርፎ የቆመ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልቡም ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ይህን በደኅናው ቀን ቆጥሮ ያወቀ ሰው በክፉው ቀን ልዩነቱን ቶሎ ይረዳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ገጣባ ነው። ገጣባ ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣው ቁስል ነውና። ላብ የደረቀበት ግላስ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ጭነት፣ በጀርባ አጥንቱ ላይ የሚያርፍ ኮርቻ፣ ሳይራገፍ የቀረ አቧራ፣ እነዚህ ሁሉ ቆዳውን ይፍቃሉ። ግላሱን አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ ከመጫን በፊትም ጀርባውን መቦረሽ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቁስሉ አንዴ ከወጣ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጥቂት ጨው ጨምሮ ማጠብና እስኪድን ድረስ አለመጫን ነው። በጋለ ብረት መተኮስ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

ባለጋሪው «ካልጫንሁት ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በተከፈተ ቁስል በኩል የሚገባ፣ ከፈንገስ የሚመጣ አንድ ክፉ በሽታ አለ፤ በአገራችን ከተሞች በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት ይታያል። በቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ያብጣል፤ ኋላም እየፈነዳ መግል ያወጣል። በዝንብና በጋራ በሚገለገሉበት ዕቃ ይተላለፋል፤ ሕክምናውም ረጅምና አስቸጋሪ ነው። ጥቂት ቀን ማሳረፍን የፈራ ሰው ፈረሱን ጨርሶ ሊያጣው ይችላል። እንግዲህ የሌላ ሰው ፈረስ የለበሰውን ግላስ፣ የተቦረሸበትን ብሩሽ አለመዋስ ጥንቃቄ እንጂ ንፉግነት አይደለም።

ስለ መኖው አንድ ነገር ላስታውስ። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ትልቅነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የበላውንም ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ ለፍቅር ብሎ ገብስ በአንድ ጊዜ ማብዛት መጉዳት ነው፤ ገብሱን ከፋፍሎ፣ ድርቆሹንም ሳያቋርጡ መስጠት ይሻላል። ውኃ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ሥራና ሙቀት ሲበዛበት ከዚያም ያልፋል። መሬት የሚጭር፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ የሚያይ፣ የሚንከባለል ፈረስ ሆዱን ታሟልና የእንስሳት ሐኪም ይጠራ፤ መድኃኒት ነው ብሎ በአፍንጫው ፈሳሽ ማፍሰስ ግን ሳንባውን ይጎዳል።

ሰኮናውን ጧትና ማታ አንሥቶ ጠጠሩን ማውጣት፣ የልጓሙንም ዝገት ማየት የልማድ ሥራ ይሁን። ክረምቱ ሲያልፍ ትንኝ ይበዛል፤ ፈረስን በድንገት የሚገድለው በሽታ በእርሱ ይተላለፋልና ሳይመሽ ወደ በረት ማስገባት ይገባል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ከአፍንጫው አረፋ የሚያወጣ ፈረስ በዚህ በሽታ መያዙ ያስፈራል። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል፤ የሚሰጠውም በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው።

ማታ ጋሪው ሲፈታ ከልጆች አንዱ ውኃ ያቅርብ፤ አባትየውም ከማጅራቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ እጁን ቀስ አድርጎ ያሳልፍ። እጁ ባረፈበት ስፍራ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጋደመና ቆዳውን ካንቀጠቀጠ፣ ቁስል ባይታይም ነገ አይጫን።