ከእሳት ወርዶ የሚበስል ቁርስ፦ ማገዶን መቆጠብና ቤትን በመጠን ማስተዳደር

የእንጀራ ምጣድ ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅ የማያውቅ የለም። ስለ ማገዶ ቁጠባ ሲነሣም አስቀድሞ የሚታሰበው የተሻሻለ ምድጃ ነው። ከምጣዱ ጎን ግን ሳይስተዋል ማገዶ የሚጨርስ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ለሰዓታት ሲንተከተክ የሚቆየው የባቄላ፣ የሽምብራ፣ የቦሎቄና የንፍሮ ድስት ነው። ጥራጥሬ ለጾመኛ ምእመን ዋና ምግቡ ስለሆነ ይህ ወጪ በየረቡዕና በየዓርቡ፣ በሰባቱም አጽዋማት ይደጋገማል። ከሰልና እንጨት በተወደደ ቁጥር ደግሞ ከማዕዱ አስቀድሞ የሚቀረው ይኸው ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ገንቢ ምግብ ነው። የልጆች ቁርስ በሻይና በደረቅ ዳቦ ይተካል፤ የአብነት ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በአኮፋዳው ባጠራቀመው ቁራሽ ብቻ ውሎ ያድራል።

ይህ ጽሑፍ ድስትን ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዶ በራሱ ሙቀት ማብሰል እንዴት እንደሚቻል ያስረዳል። የሚያስፈልገው ቅርጫት፣ ጭድና አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። ዘዴው ለቤተሰብም ለደብር ማዕድ ቤትም ይሆናል።

እሳቱ ምን ይሠራል?

ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከመፍያው ልክ አያልፍም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ከዚህም ከፍ ባሉ ቦታዎች ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በደጋ አገር ጥራጥሬ ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚህ ነው። ባለቤቷ መዘግየቱን ለማካካስ እሳቱን ታበረታዋለች፤ የበረታው እሳት ግን ውሃውን በእንፋሎት ያባክነዋል እንጂ እህሉን አያፈጥነውም።

ብክነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት ይልቅ፣ ያንኑ የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለውጦ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ሙቀት ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ለሁለት ሰዓት የሚንተከተክ ድስት አብዛኛውን ማገዶ የሚያባክነው ከፈላ በኋላ ነው። እህሉ በዚያን ጊዜ የሚፈልገው የያዘው ሙቀት እንዳያመልጥበት ብቻ ነው። ድስቱን ዙሪያውን በጭድና በጨርቅ ብናለብሰው ሙቀቱ ለሰዓታት ይቆያል፤ እህሉም ያለ እሳት ይበስላል።

ዘዴው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ላይ ዮሐን ሶረንሰን የተባለ የኖርዌይ ሰው በዚህ መንገድ የሚያበስል ሣጥን አቅርቦ ነበር። በዓለም ጦርነቶች ዘመን ከሰል በጠፋ ጊዜ በአውሮፓ ብዙ ቤተሰቦች በጭድ የተሞላ ሣጥን ተጠቅመዋል። በእኛም ቤት ትኩስ ዳቦን በጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት የታወቀ ልማድ ነው። የሙቀት ቅርጫት ይህንኑ ዕውቀት ወደ ድስቱ ያሸጋግረዋል።

የሙቀት ቅርጫት አሠራር

1. አስቀድሞ ድስቱን መምረጥ። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ረጅም እጀታ የሌለው ድስት ይሁን። ቅርጫቱ የሚሠራው በድስቱ ልክ ነው።

2. ከድስቱ በዙሪያውም በሥሩም ቢያንስ አንድ ጋት ወይም 10 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቅርጫት፣ የእንጨት ሣጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን ማዘጋጀት።

3. ሥሩንና ዙሪያውን በደረቅ የጤፍ ጭድ፣ በጥጥ፣ በሱፍ ወይም በተቀዳደደ አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቆ መሙላትና በመካከሉ ድስቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ መተው። ጭዱ እንዳይበተንና ከምግብ ጋር እንዳይነካካ በንጹሕ አቡጀዲ መሸፈን ይገባል።

4. በጭድ ወይም በጥጥ የተሞላ ወፍራም ትራስ ሰፍቶ ከላይ መክደኛ ማድረግ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚያመልጥ ከሁሉ ይልቅ ወፍራም መሆን ያለበት ይህ ክፍል ነው።

5. ከአገልግሎት በኋላ ቅርጫቱን ፀሐይ ላይ ማድረቅ። የረጠበ ጭድ ሙቀት አይጠብቅም፤ ሻጋታም ያመጣል።

ቅርጫቱ ለምግብ ከመዋሉ በፊት በውሃ ይፈተን። ድስቱን በፈላ ውሃ ሞልቶ፣ ከድኖ በቅርጫቱ ውስጥ ማስቀመጥና ምግቡ ሊቆይበት የታሰበው ሰዓት ሲሞላ ከፍቶ ማየት ነው። ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቅርጫቱ መልካም ነው። መለኪያ በሌለበት ቦታ ጣትን ነከር አድርጎ ወዲያው በማውጣት መለየት ይቻላል፤ ጣት ችሎ የሚቆይበት ውሃ ቀዝቅዟል። እንዲህ ከሆነ ጭዱ ይጨመርበት ወይም የማቆያው ሰዓት ይጠር።

ለቁርስ የሚስማሙ ምግቦች

ቅንጬ ለጀማሪ የሚመረጥ ነው። የስንዴ፣ የገብስ ወይም የአጃ ቅንጬ አንድ እጅ በሁለት እጅ ውሃ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈላና በቅርጫት ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆያል። ውሃው በእንፋሎት ስለማይባክን ከተለመደው በጥቂቱ ይቀነሳል። ዘይት ወይም የተወቀጠ ተልባ ሲጨመርበት የጾም ቁርስ ይሆናል።

የባቄላ ፉልና የሽምብራ ወይም የስንዴ ንፍሮ አስቀድመው መዘፍዘፍ አለባቸው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ተዘፍዝፈው፣ የተዘፈዘፉበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ከፈሉ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በቅርጫት ይቆያሉ። መዘፍዘፍ ማገዶ ከመቆጠቡም በላይ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ከምግቡ የበለጠ ይጠቀማል። ቲማቲምና ሎሚ ግን መግባት ያለባቸው እህሉ ከበሰለ በኋላ ነው፤ አስቀድመው ከገቡ ጥራጥሬው ደርቆ ይቀራል።

ምስርና ክክ ሳይዘፈዘፉም አሥር ደቂቃ ፈልተው በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይደርሳሉ። ከገብስ፣ ከካሮትና ከድንች ጋር ሾርባ ቢሠራባቸው ለሕፃናትም ለአረጋውያንም ይስማማል። ገንፎ ግን መማሰል ስለሚፈልግ ለቅርጫት አይሆንም።

እህልንና ጥራጥሬን አንድ ላይ ማቅረብ ከጥንት የመጣ የገበታችን ጥበብ ነው። በስንዴና በገብስ የሚጎድለውን የገንቢ ምግብ ክፍል ባቄላና ሽምብራ ያሟላሉ። ሥጋና እንቁላል ለሌለበት ማዕድ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ከዚህ ጋር አንድ ልማድ ቢታረም መልካም ነው፦ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህሉ ብረት እንዳያገኝ ስለሚያግዱ፣ ከቁርሱ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተው ቢጠጡ ይመረጣል። ሎሚ ግን በተቃራኒው ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል።

ቅርጫቱና የቤተ ክርስቲያን ሰዓት

የዚህ ዘዴ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ቤተሰቡ ከቤት በሚወጣበት ጊዜ ነው። በእሑድ ሌሊት ለኪዳንና ለቅዳሴ የምትነሣ እናት ከመውጣቷ በፊት ድስቱን አፍልታ በቅርጫቱ ብታስቀምጠው፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ትኩስ ቁርስ ይጠብቃታል። በጾም ቀንም ረፋድ ላይ የተቀመጠው ድስት ቅዳሴ በሚወጣበት በ9 ሰዓት ይደርሳል። እሳት የሚጠብቅ ሰው ቤት መቅረቱ፣ ወይም ባዶ ቤት ውስጥ ምድጃ ሲነድ መተዉ ይቀራል።

በማዕድ ቤት ጢስ ውስጥ የምትቆየው በአብዛኛው እናት ናት፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከጢሱ የሚቀነስ እያንዳንዱ ሰዓት ለእናቲቱና ለልጇ ጤና ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል በማይቆራረጥበት አገር ያሉ አጥቢያዎች ለዚሁ ሥራ በዝግታ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት ሊጠቀሙ ይችላሉ። ቀጥሎ ያለው ጥንቃቄ ለእነርሱም ነው።

የግድ ሊጠበቅ የሚገባው ጥንቃቄ

ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ በሚገባ ካልፈላ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል መርዝ በውስጡ አለ። ይህ መርዝ በዝቅተኛ ሙቀት አይጠፋም። ስለዚህ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በኃይል ሳይፈላ ወደ ቅርጫትም ሆነ ወደ ኤሌክትሪኩ ድስት አይግባ። ጓያም እግርን ሽባ የሚያደርገውን መርዙን በዝግታ ማብሰል ስለማያስወግደው ለዚህ ማዕድ አይመረጥ።

የበሰለ ምግብ ለብ ብሎ ሲቆይ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝም ዳግመኛ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ይሙላ፤ ጥቂት ምግብ ቶሎ ይቀዘቅዛልና። በመካከል አይከፈት። በውሃ ከተፈተነው ሰዓት በላይ አይቆይ። ሲከፈት እንፋሎት የሚያወጣና የሚያቃጥል ከሆነ አንድ ጊዜ አፍልቶ ማቅረብ ነው፤ ለብ ብሎ ከተገኘ ግን ለልጆችም ለአዋቂም አይቅረብ።

ድስቱ ከምድጃ ሲወርድ ከሥሩ ፍም ተጣብቆ እንዳይቀር በሚገባ ይጠረግ። አንዲት ፍም ጭዱን አቀጣጥላ ቤት ልታቃጥል ትችላለች።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

አዲስ ነገር በምክር ብቻ ወደ ማዕድ ቤት አይገባም። የልማት ኮሚቴው አንድ ቦታ መርጦ ቢጀምር ይሻላል፤ ለዚህም ከአብነት ትምህርት ቤቱ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ብዙ ተማሪ በአንድ ድስት ስለሚመገብ ትልቁ ድስት ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ተማሪውም ሳይራብ ወደ የኔታ ፊት ይቀርባል። ምእመናን በየወሩ ጥቂት ባቄላና ስንዴ ቢያዋጡ፣ ቀድሞ ለማገዶ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ጉድለቱን ሊያግዝ ይችላል።

ቅርጫቱን ለመስፋትና ለመፈተን እናቶች መሪ ይሁኑ፤ የምድጃውን ጠባይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጭዱንና ሣጥኑን ያዘጋጁ። ከዚያም በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዱ እየተበሰለ የሚነደው እንጨት በየቀኑ ይመዘን። በሁለተኛው ሳምንት ያው ምግብ በዚያው መጠን በቅርጫት ተሠርቶ እንጨቱ እንደገና ይመዘን። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ለምእመናን ይነገሩ። ሰው ከሌላ አገር ከመጣ ቁጥር ይልቅ በራሱ ደብር የተመዘነውን ያምናል።

ቁጠባን ከስስት ጋር የሚያስተካክሉ አሉ። ስስት ያለውን ከባልንጀራው ይሸሽጋል፤ ቁጠባ ግን ለሌላው የሚተርፍ ያገኛል። በደብሩ ዙሪያ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን የቆየው አባቶች ከእርሱ የሚወሰደውን በመጠን ስላደረጉት ነው። ዛሬም በየምድጃው ሳይነድ የቀረው እንጨት ያን ደን ከመጥረቢያ ያተርፋል።

ቅርጫቱን የሞከሩ አጥቢያዎች የሁለቱን ሳምንት ሚዛን፣ የተጠቀሙበትን የጭድ ዓይነትና ያጋጠማቸውን ችግር ጽፈው በየሀገረ ስብከቱ በሚገኘው የልማት ክፍል በኩል እንዲልኩልን እንጠይቃለን። በቆላ የተሳካው በደጋ ላይሳካ ይችላል፤ የአንዱ ደብር ልምድም ለሌላው መማሪያ ይሆናል።